አይቡን ከጥሬ ወተቱ ለዩት

የዐቢይ ጾም 55 ቀናት ተገባደው ፋሲካ ሲቃረብ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ በሲያትል፣ በአትላንታ፣ በዳላስና በሚኒያፖሊስ በሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ የአይብ ትእዛዝ ይበዛል። ትእዛዙን ከሚቀበሉት መካከል ፈቃድ ያላቸው ፋብሪካዎች ብቻ ሳይሆኑ በማጀታቸው የሚሠሩ እናቶችም አሉ። አንደኛዋ የምትሠራበት ወተት ከሱፐርማርኬት የተገዛ፣ አስቀድሞ ፓስቸራይዝ የተደረገ ነው። ሌላዋ የምትሠራበት ከከተማ ወጣ ብሎ ካለ እርሻ የመጣ ጥሬ ወተት ሊሆን ይችላል። ተቆጣጣሪ በር ያንኳኳ ዕለት ግን ሁለቱም በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ያለ ፈቃድ የወተት ተዋጽኦ የሸጡ ይባላሉ። አደጋቸው የሰማይና የምድር ያህል የሚራራቅ ሁለት ሥራዎችን አንድ አድርጎ የሚቀጣ ቁጥጥር ሕፃናትን ከበሽታ አያድንም። ቁጥጥሩ ይቅር አንልም፤ ዐይኑን ከፈቃድ ወረቀቱ አንሥቶ አደጋው ወዳለበት እንዲያዞር ግን እንጠይቃለን።

ለሕግ አውጪዎች ረዳቶች የሕጉን መሠረት በአጭሩ ማስታወስ ይገባል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የፌዴራሉ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ጥሬ ወተት ለሰው ፍጆታ ታሽጎ ከግዛት ወደ ግዛት እንዳይሸጥ የከለከለው በ1987 ነው። መሥሪያ ቤቱ ይህን ያደረገው በራሱ ተነሣሽነት አልነበረም፤ ፐብሊክ ሲቲዝን የተባለው የሸማቾች ተሟጋች ድርጅት ከስሶት ፍርድ ቤት ስላዘዘው ነው። ደንቡን የጣሰ ሰው እስከ 1 ዓመት ሊታሰር ይችላል። ከክልከላው ውጪ የሆነው ከጥሬ ወተት ተሠርቶ ቢያንስ 60 ቀን የቆየ አይብ ነው፤ ይህ የ60 ቀን መለኪያ ከ1949 ጀምሮ ያለ ነው። በአንድ ግዛት ውስጥ የሚደረገውን ሽያጭ ደግሞ የሚወስነው ግዛቱ ራሱ ነው። ስለዚህ በፔንሲልቬኒያ ፈቃድ ባለው ገበሬ በሕጋዊ መንገድ የሚሸጠው ጠርሙስ ድንበር ተሻግሮ ሜሪላንድ ሲገባ ሕገ ወጥ ይሆናል፤ በቨርጂኒያ ደግሞ ሰዎች ከላሟ ድርሻ ገዝተው "የራሳቸውን" ወተት ይወስዳሉ። ከሜሪላንድ ተነሥቶ በአንድ ሰዓት መኪና ሦስት ዓይነት ሕግ ማቋረጥ ይቻላል። እንግሊዝኛው ለማይሟላላት እናት ይህን ማን ያስረዳታል?

ቅቤን በተመለከተም ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ። ክልከላው ጥሬ ቅቤንም ይጨምራል። በ2022 የዋሽንግተን ዲሲ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ መሥሪያ ቤቱ ጥሬ ቅቤ ከግዛት ወደ ግዛት እንዳይሸጥ የመከልከል ሥልጣን እንዳለው አጽንቷል። ፓስቸራይዝ ካልተደረገ ወተት የወጣ ቅቤ ከሚኒሶታ ወደ ቨርጂኒያ በፖስታ ለደንበኛ የምትልክ ሴት በዚህ ደንብ ሥር ትወድቃለች።

ደንቡ በተግባር እንዴት እንደተፈጸመ ደግሞ ያለፉት ዓመታት ያሳዩናል። በሰኔ 2010 በሎስ አንጀለስ ቬኒስ ሰፈር የሚገኝ የአባላት የምግብ መደብር በተፈተሸ ጊዜ መኮንኖች ሽጉጥ ደግነው ሲገቡ የመደብሩ ካሜራ ቀርጿቸዋል። በቀጣዩ ዓመት እንደገና ተፈተሸ፤ ወተቱ ተደፋ፣ ባለቤቱም ታሰረ። በሚዙሪ አንድ የቤተሰብ አይብ ቤት ናሙናው ሊስቴሪያ ስለተገኘበት ለፍርድ ቤት ቢከራከርም ተረታ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ አይብ በ2013 ወደ ቆሻሻ ተጣለ። በዚያው ዓመት በዊስኮንሲን ያለ ፈቃድ ወተት ሸጠ የተባለ ገበሬ ከቀረቡበት 4 ክሶች በ3ቱ በዳኞች ሸንጎ ነጻ ወጣ። እንዲህ ያለ ዘመቻ የሕዝብን ድጋፍ ለማግኘት የሚያስቸግር መሆኑን ለመረዳት የዊስኮንሲኑን ውሳኔ ማየት ይበቃል። ነገር ግን ሁሉም ፍተሻ አለአግባብ ነበር ማለት አይደለም። በጥር 2024 የፔንሲልቬኒያ ግብርና መሥሪያ ቤት አንድን እርሻ የፈተሸው በሌሎች ግዛቶች ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች በኢ ኮላይ ከታመሙ በኋላ ነው። ይህን ከመጀመሪያዎቹ ጋር በአንድ ሙቀጫ መውቀጥ ፍትሕ አይሆንም።

አደጋው እውነተኛ ነውና። በ1985 በሎስ አንጀለስ አካባቢ በሜክሲኮ ዓይነት ለስላሳ አይብ ምክንያት በተነሣ የሊስቴሪያ ወረርሽኝ 142 ሰዎች ታመው 48ቱ ሞተዋል፤ ከሞቱት አብዛኞቹ ገና ያልተወለዱና አዲስ የተወለዱ ሕፃናት ነበሩ። አይቡን የሠራው ፈቃድ ያለው ፋብሪካ ነበር፤ ፓስቸራይዝ ያልተደረገ ወተት ተቀላቅሎበት እንደነበር ታምኗል። ፈቃዱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እያለ ማለት ነው። በመጋቢት 2024 ደግሞ የወፍ ጉንፋን ቫይረስ በአሜሪካ የወተት ላሞች ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተረጋገጠ፤ በዓመቱ መጨረሻ በካሊፎርኒያ ለሽያጭ በቀረበ ጥሬ ወተት ውስጥ ቫይረሱ በመገኘቱ ምርቱ ከገበያ ተሰበሰበ። ወተቱን በ72 ዲግሪ ለ15 ሴኮንድ ወይም በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ማሞቅ እነዚህን ሁሉ ይገድላል። "አባቶቻችን ሲጠጡት ኖረዋል" የሚለውን ክርክር ለሕግ አውጪ ይዘን እንዳንሄድ አጥብቀን እንመክራለን። አባቶቻችን ብሩሴሎሲስም ይዟቸው ኖሯል፤ የልጅ ቀብርም ከእነሱ ቤት አልራቀም ነበር።

ታዲያ ምን ይሠራል? መልሱ በያኪማ፣ ዋሽንግተን ግዛት፣ ከሩብ ምእተ ዓመት በፊት ተሞክሯል፤ የእኛ ማኅበራት ይህን ታሪክ በሚገባ ሊያውቁት ይገባል። በ1997 ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት በያኪማ አውራጃ 54 ሰዎች መድኃኒት በተላመደ ሳልሞኔላ መታመማቸው በምርመራ ተረጋገጠ። አብዛኞቹ የላቲን አሜሪካ ተወላጆች ነበሩ፤ የታማሚዎቹ መካከለኛ ዕድሜ 4 ዓመት ነበር። መነሻው በየቤቱ ከጥሬ ወተት የሚሠራ ኬሶ ፍሬስኮ የተባለ ትኩስ አይብ ሆኖ ተገኘ። የጤና ባለሥልጣናቱ በማስጠንቀቂያና በቅጣት ብቻ መሄድ ይችሉ ነበር። አይቡ ግን ለእነዚያ ቤተሰቦች ሸቀጥ ብቻ አልነበረም፤ የሀገር ጣዕም ነበር። በክልከላ ብቻ ወደ ጓሮ ይገባ ነበር እንጂ አይጠፋም ነበር።

ስለዚህ የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ከጤና ጥበቃው ጋር ሆነው አንድ ነገር አደረጉ። ፓስቸራይዝ ከተደረገ ወተት የሚሠራ፣ ጣዕሙና ልስላሴው ግን ከቀድሞው የማይለይ የአሠራር ዘዴ እስኪያገኙ ድረስ ሞከሩ። ቀጥሎም የማኅበረሰቡን አያቶች አስተማሩ፤ ፕሮጀክቱም "አቡዌላ"፣ አያት ማለት ነው፣ ተባለ። አያቶቹ በተራቸው ከ200 በላይ ሰዎችን አስተማሩ። ከዚያ በኋላ የበሽተኞቹ ቁጥር ወረደ። ማንም ሽጉጥ አልደገነም፤ የማንም ማሰሮ አልተደፋም። ማን እንደተመረጠ ልብ እንበል፤ በማኅበረሰቡ ዘንድ ስለ አይብ ስትናገር የምትታመነው አያት ተመረጠች።

ወደ እኛ ጉዳይ እንመለስ። ብዙ እናቶቻችን ጥሬ ወተት የሚፈልጉት ጀርሙን ወደው አይደለም። የሱፐርማርኬቱ ወተት አይናጥም፤ ቅቤ አይወጣውም። ይህ ደግሞ የፓስቸራይዜሽን ጥፋት አይደለም፤ ቅባቱን በግፊት አድቅቆ በወተቱ ውስጥ የሚበትነው ሆሞጂናይዜሽን የሚባል ሌላ ሥራ ነው። ሁለቱ በአንድ ጠርሙስ ላይ ስለሚገኙ ይምታታሉ። ፓስቸራይዝ የተደረገ፣ ሆሞጂናይዝ ግን ያልተደረገ፣ ቅባቱ ከላይ የሚንሳፈፍ ወተት በብዙ ከተሞች ይሸጣል፤ ውድ ነው፣ ነገር ግን ይናጣል። ይህን አንድ እውነት በአማርኛ በአንድ ገጽ ጽፎ በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየሀበሻ ሱቁ መለጠፍ ከብዙ ፍተሻ የበለጠ ጥሬ ወተት ከገበያ ሊያወጣ እንደሚችል እናምናለን።

አይቡም የራሱ ነገር አለው። አሬራ በእሳት ላይ ሞቆ ነውና አይብ የሚወጣው፣ "አይብ ከጥሬ ወተት ቢሠራም ሞቋል" የሚሉ አሉ። ክርክሩ ግማሽ እውነት አለው። በልማድ የሚሞቀው ግን ለእጅ በሚቻል ሙቀትም፣ ከዚያ እጅግ በላቀም ሊሆን ይችላል፤ ባለሙያዋ ዐይኗን እንጂ ቴርሞሜትር አትጠቀምም። አርጎ ስለሚኮመጥጥ አንዳንድ ጀርሞች ይዳከማሉ፣ ሁሉም ግን አይሞቱም። በ60 ቀን ማቆየት የሚለው የሕግ በርም ለእኛ ዝግ ነው፤ አይብ በቀናት ውስጥ የሚበላ ነውና። (መለኪያው ራሱ ያን ያህል አስተማማኝ አይደለም፤ አደገኛው ኢ ኮላይ ከ60 ቀን በኋላም በአይብ ውስጥ ሊተርፍ እንደሚችል ጥናቶች አሳይተዋል።) ስለዚህ ለአይብ ሻጮቻችን ያለው ደህና መንገድ አንድ ነው፤ ፓስቸራይዝ ከተደረገ ወተት ተነሥቶ በንጹሕ ዕቃ መሥራትና ወዲያው ማቀዝቀዝ። እንቅፋቱ ይህን መንገድ የተከተለችውም ሴት ሕጋዊ አለመሆኗ ነው። በአብዛኞቹ ግዛቶች የቤት ውስጥ ምግብ ሽያጭን የሚፈቅዱት ሕጎች ዳቦ፣ ኩኪስና ማርማላታ ይቀበላሉ፤ ማቀዝቀዣ የሚፈልገውን አይብ አይቀበሉም። ሙሉ የወተት ፋብሪካ ፈቃድ ደግሞ በጾም የሚዘጋ፣ በፋሲካና በገና የሚከፈት ንግድ የሚሸከመው ወጪ አይደለም። ጥንቃቄ ያደረገችው ካላደረገችው እኩል የምትቀጣ ከሆነ፣ ለጥንቃቄው ምን ዋጋ ቀረለት?

ስለ ወዳጅ ምርጫም አንድ ቃል። የጥሬ ወተት ነጻነት የሚሉ ወገኖች ዛሬ በዋሽንግተን ተሰሚነት አላቸው፤ የጤና ሚኒስትሩ ሮበርት ኬኔዲ ጁኒየር ራሳቸው ጥሬ ወተትን በአደባባይ ሲደግፉ ቆይተዋል፣ የግዛት ድንበር እገዳውን የሚያላላ ረቂቅም በኮንግረስ በተደጋጋሚ ቀርቧል። የእኛ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ያ ረቂቅ ቢጸድቅ እንኳ ከሱፐርማርኬት ወተት አይብ የምትሠራው ሴት ፈቃድ አታገኝም። ይልቅ የምንማረው ከአነስተኛ አይብ ሠሪዎች ነው። በ2014 የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አይብ በእንጨት መደርደሪያ ላይ ማቆየትን የሚከለክል የሚመስል አቋም ሲያሰማ፣ እነሱ ጽፈው፣ የምክር ቤት አባላትን አስነሥተው በቀናት ውስጥ አስመለሱት። በ2016 መጀመሪያም ለጥሬ ወተት አይብ የወጣው የባክቴሪያ መጠን ገደብ ላይ እንዲሁ አድርገው መሥሪያ ቤቱ አሠራሩን እንዲያቆም አደረጉ። ማኅበር ነበራቸው፤ የላቦራቶሪ ውጤት በእጃቸው ነበር፤ የሚደውሉለት ረዳት ስሙን ያውቁ ነበር።

ከዚህ በመነሣት ለግዛት ምክር ቤት አባላትና ለረዳቶቻቸው የምናቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። የቤት ውስጥ ምግብ ሕጎች ሲሻሻሉ ፓስቸራይዝ ከተደረገ ወተት የሚሠራ ትኩስ አይብ በውስን መጠን፣ በሥልጠና፣ በቴርሞሜትር መዝገብና በየጊዜው በሚደረግ የናሙና ምርመራ እንዲፈቀድ የሚያስችል አንቀጽ ይጨመርላቸው። የቤተ ክርስቲያንና የማኅበረሰብ አዳራሽ ወጥ ቤቶች በጋራ የሚጠቀሙበት አነስተኛ የፓስቸራይዜሽን ጋን ፈቃድ የሚያገኝበት መንገድ ይመቻች። የታመመ ሰው በሌለበት የመጀመሪያው ጉብኝት በጽሑፍ ማስጠንቀቂያና በናሙና ይወሰን። ጥሬ ወተት ለሕዝብ የሚሸጥ ከሆነ ወይም ሰው ከታመመ ግን ተቆጣጣሪው ወዲያው ያስቁም፤ በዚህ አንከራከርም።

ለማኅበራቶቻችን ደግሞ፦ ማሠልጠኛውን እኛው እንጀምር፤ አያቶቹ አሉን። በዋሽንግተን ዲሲ የ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶችን በአማርኛም እንዲያወጡ ያስገድዳል። ስለ አይብና ስለ ወተት የሚመለከተው የምግብ ደህንነት መመሪያ በአማርኛ ወጥቶ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ካልወጣ ጥያቄያችሁን ቀን ጽፋችሁበት ለምክር ቤት አባላችሁ ቢሮ አስገቡ። ከሚቀጥለው ዐቢይ ጾም በፊት መልስ እንዲመጣ አሁን መጻፍ ያስፈልጋል።