18 ዓመት የሞላው ልጅ የት ይደር?

ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን ድንበር ተሻግረው የገቡ የሙርሌ ታጣቂዎች በጋምቤላ ክልል በጂካዎና በላሬ ወረዳዎች ከ200 በላይ ሰዎችን ገደሉ፤ ከ100 በላይ ሕፃናትን ከከብቱ ጋር ነድተው ወሰዱ። መንግሥት የሁለት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ፤ በቀጣዮቹ ወራትም ከተወሰዱት ልጆች ብዙዎቹ ተመለሱ። ያኔ የአገሩ ሁሉ ጥያቄ ልጆቹ ይመለሱ ይሆን የሚል ነበር። አሁን የሚጠየቀው ሌላ ነው። በዚያች ቀን 8 ዓመቱ የነበረ ልጅ ዛሬ 18 ደፍኗል ወይም ሊደፍን ተቃርቧል፤ በሕግ ዓይን ሕፃንነቱ አብቅቷል ወይም ሊያበቃ ነው። ወላጆቹን በጥይት የተነጠቀ፣ ትምህርቱንም ገና ያልጨረሰ ወጣት ከእንግዲህ ማን ዘንድ ያድራል? ከታኅሣሥ 2006 ጀምሮ የደቡብ ሱዳንን ጦርነት ሸሽተው በክልሉ በኩሌ፣ በትየርኪዲ፣ በጄዊና በንጉኤኝየል መጠለያዎች ከሰፈሩትም ከግማሽ በላይ የሆኑት ሕፃናት ናቸው፤ እናትና አባታቸውን ሳይዙ ድንበር የተሻገሩትም በብዙ ሺህ ይቆጠራሉ። እነሱም ያድጋሉ።

ለእንዲህ ዓይነት ወጣቶች የሚሰጠው መጠለያና ድጋፍ ማብቃት ያለበት ትምህርታቸውን ሲጨርሱ ወይም ሙያ ሲጨብጡ እንጂ 18 ዓመት ሲሞላቸው አይደለም ባይ ነኝ። በጋምቤላ ደግሞ ዕድሜው ራሱ በአብዛኛው ግምት ነው። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ነው፤ ዛሬ ወደ 18 የሚጠጉት ልጆች በሙሉ የተወለዱት ከዚያ በፊት ነው። እናት የሞተችበትን ልጅ ዕድሜ የሚናገርለት የለም። ወይ ዘመድ «የጎርፉ ዓመት ነው የተወለደው» ይላል፣ ወይ ጸሐፊው ቁመቱን አይቶ ይጽፋል። በእንዲህ ያለ ግምት ላይ የአንድን ሰው መኝታና ምግብ ማቋረጥ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ግምት የሰውን ዕጣ ሲወስን ምን እንደሚሆን ከዚሁ ክልል የወጡ ልጆች ታሪክ ይነግረናል። ከ1979 እስከ 1983 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን በእግራቸው የመጡ፣ ወላጅ ያልተከተላቸው ከ10 ሺህ በላይ ወንዶች ልጆች በፒኝዶና በኢታንግ ሰፍረው ነበር። በቡድን በቡድን ተመድበው ጎጆ ሠርተው ይማሩ ነበር፤ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ግን ለደቡብ ሱዳኑ አማፂ ጦር ተመለመሉ፤ ቤተሰብ የሌለበትን የልጆች ሰፈር መጀመሪያ የሚያገኘው መልማይ ነውና። በግንቦት 1983 ደርግ ሲወድቅ ከመጠለያው ሸሽተው የጊሎን ወንዝ ሲሻገሩ ስንቱ ቀረ። የተረፉት ኬንያ ወዳለው የካኩማ መጠለያ ዘለቁ፤ ከ3,500 የሚበልጡትንም ከ2000ው የፈረንጆች ዓመት ጀምሮ አሜሪካ ተቀበለች። እዚያ ከ18 በታች የተባሉት በአደራ ቤተሰብ ተመድበው ትምህርት ቤት ገቡ። ከ18 በላይ የተባሉት በጋራ የኪራይ ቤት ተቀመጡና የጥቂት ወራት ድጎማ ተሰጥቷቸው ሥራ ፈልጉ ተባሉ። ብዙዎቹ የልደት ቀን ስላልነበራቸው በወረቀታቸው ላይ ጃንዋሪ 1 ተጽፎላቸው ነበር። በአንድ መንገድ አብረው የተራመዱ፣ አንድ ጎጆ ያሳደራቸው ልጆች ጸሐፊ በገመተው ቁጥር ለሁለት ተከፈሉ።

ይህን ስል በጋምቤላ ከተማ ዳር አንድ ትልቅ ማሳደጊያ ይገንባ እያልኩ አይደለም። በቡካሬስት 136 ጨቅላ ሕፃናት ላይ የተደረገው ጥናት ከማሳደጊያ ወጥተው በአደራ ቤተሰብ ያደጉት በአእምሮ እድገታቸው ከቀሩት እንደሚበልጡ አሳይቷል፤ የኢትዮጵያ የ2001 የአማራጭ ክብካቤ መመሪያም ማሳደጊያን የመጨረሻ አማራጭ ያደርገዋል። በክልሉ በሚኖሩት በኑዌርም በአኝዋም ሕዝቦች ዘንድ ወላጅ የሞተበትን ልጅ የአባት ወገን ያነሳዋል፤ ይህ የትኛውም ድርጅት የማይተካው ሀብት ነው። ችግሩ የሚመጣው ልጁ ከፍ ሲል ነው። አጎቱ አኮቦ ወይም ጆር ገጠር ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ከተማ ነው፤ ክረምት ሲገባ መንገዱ ይዘጋል። ስለዚህ ተማሪው ከተማ ወርዶ የጭቃ ቤት ይከራያል፤ የበቆሎ ዱቄቱ ያለቀ ዕለት ይቀራል። ለሴቷ ልጅ ደግሞ የባሰ ነው። ጥሎሽ በከብት በሚቆጠርበት አገር ጠባቂ የሌላት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ክፍሏን ለቃ በማግሥቱ ሙሽራ ልትሆን ትችላለች። የሚያስፈልገው ከትምህርት ቤቱ በእግር የሚደረስ፣ ስምንት ወይም አሥር ወጣት የሚኖርበት፣ ሴቶቹና ወንዶቹ በየራሳቸው የሚያድሩበት፣ ቋንቋቸውን የሚናገር ትልቅ ሰው አብሯቸው የሚኖርበት ተራ ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ ለክረምት ሲዘጋ ዘመድ ያለው መንገዱ ሳይቆረጥ ወደ ዘመዱ ይሂድ።

እንዲህ ያለ ቤት ቢከፈት ዘመድ ልጁን አምጥቶ ይጥልበታል የሚል ስጋት አለ። ስጋቱ እውነት አለው፤ ብዙ ማሳደጊያዎች ወላጅ ባላቸው ልጆች ተሞልተው ታይተዋል። መከላከያው በሩን መዝጋት ሳይሆን በቅድሚያ አሳዳጊውን ዘመድ መደጎም፣ ቤቱንም ዘመድ በአቅራቢያ ለሌለው ወይም ትምህርት ቤቱ ለሚርቅበት ብቻ፣ በቀበሌው ማረጋገጫ መክፈት ነው። የኑዌርንና የአኝዋን ልጆች አንድ ጣሪያ ሥር ማሳደር ግጭት ይጠራል የሚለውን ደግሞ በቸልታ አላልፈውም፤ የጋምቤላ ከተማ ደም አይታለች። ማንም ከማን ጋር እንዲያድር አይገደድ። ትምህርት ቤቱና የኳስ ሜዳው ግን የጋራ ይሁን። ዕርቅ በስብሰባ ብቻ አይመጣምና አብሮ የተማረ ትውልድ ያስፈልገዋል። ገንዘብ ከየት ይምጣ ለሚለው፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ አስተምሮ ዘጠነኛ ላይ መጣል ያለፈውን ወጪ ሁሉ ውኃ የሚያስበላ ነው። ስደተኛና ነዋሪ ሳይለይ ቢሠራ ደግሞ ለመጠለያዎቹ የሚመጣው እርዳታ የአካባቢውንም ልጅ ይደግፋል፤ «ለእነሱ ብቻ» የሚለውንም ቅሬታ ያረግባል።

በጥር 2010 ሕጉ ሲሻሻል የውጭ አገር ጉዲፈቻ ቆሟል። ልጆቻችንን የምናሳድገው እኛው ነን ማለታችን ነበርና ቃላችን ያስጠይቀናል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 የእጓለ ማውታ ልጆችን ደህንነትና ትምህርት የሚያራምዱ ተቋማት እንዲመሠረቱ መንግሥት ያበረታታል ሲል ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጧል። እኛ ግን ደህንነቱን ለአንድ ቢሮ፣ ትምህርቱን ለሌላ ቢሮ ሰጥተን ልጁን በመካከል ጥለነዋል። የክልሉ ምክር ቤት በሚቀጥለው በጀት ሁለቱን ቢሮዎች በአንድ መደብ ያገናኝ፤ በቂ ባይሆንም ከላሬ፣ ከኢታንግና ከጋምቤላ ከተማ ይጀምር። በዚያች የሚያዝያ ቀን ተወስደው የተመለሱት ልጆች መስከረም ላይ ክፍል ሲገቡ የሚያድሩበት ቤት ይጠብቃቸው።