የሞባይሉ ሩጫ መድረሻ የለውም

ሰሞኑን ሞባይል ባለበት ሁሉ ልጆቻችን ተሰብስበው የሚያዩት «ቴምፕል ራን»ን ነው። ጨዋታውን አሜሪካ ያሉ ባልና ሚስት በኢማንጂ ስቱዲዮ ሰርተው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2011 አወጡት። ሯጩ ከጥንት ቤተ መቅደስ ጣዖት ሰርቆ ይሮጣል፤ ዝንጀሮ የሚመስሉ ጥቋቁር አውሬዎች ያሳድዱታል። ጣት ወደ ላይ ሲሳብ ይዘላል፣ ወደ ታች ሲሳብ ይንሸራተታል። ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄዳል እንጂ ማሸነፍ የሚባል ነገር የለም፤ የሚቆመው ሲወድቅ ወይ ሲያዝ ነው።

«ጨዋታ ነው፣ ምን አለበት?» የሚሉ ወላጆች አሉ። ለትልልቆቹ እኔም እስማማለሁ፤ ልጅ ከሚቆዝም ይጫወት። ጭራሽ ይከልከል ማለቴም አይደለም፣ ብንከለክልስ ማን ይሰማናል! ነገር ግን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ተከዜን ተሻግረው ሐምዳየት የገቡ፣ ከዚያም ወደ ገዳሪፍ፣ ወደ ኡም ራኩባና ቱነይድባ የተወሰዱ ልጆች አሉን። ያኔ በጀርባ የታዘሉት ዛሬ ተማሪዎች ናቸው። መሳደድን ከስልክ አልተማሩትም። ማታ በጨለማ ይህን ሲጫወቱ አምሽተው ጠዋት ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፉትን፣ ድምፅ ሲሰሙ ብርግግ የሚሉትን አያለሁ። ስለዚህ ከትንንሾቹ እጅ ቢያንስ ከመሸ በኋላ ስልኩ ይወሰድ እላለሁ።

ቀን ደግሞ አኩኩሉ አጫውቷቸው። እዚያም ሩጫ አለ፣ መባረርም አለ፤ ግን ሮጦ «እናት» የሆነችውን የነካ ልጅ ድኗል፣ ከዚያ ወዲያ ማንም አይነካውም።