ስለ ትንሿ የራዲዮ ማሠራጫና ስለ መሬት ሽቦዋ

ከጓዶቻችን አንዳንዶቹ ከሐዋሳ ክፍለ ከተሞች በአንዷ፣ በቱላ፣ አነስተኛ የመካከለኛ ሞገድ ማሠራጫ ለመትከል አሳብ አቅርበዋል። ዓላማቸው ስለ እንሰትና ስለ ቡና፣ ስለ ጤናም የተማሩትን ለገበሬው በሲዳምኛ ማሰማት ነው። አሳቡን እናመሰግናለን። አፈጻጸሙ ግን ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባውም።

ጓዶቻችን የሚጠቅሱት የአሜሪካንን ደንብ ነው። የዚያ አገር የፌዴራል የመገናኛ ኮሚሽን ደንብ ክፍል 15፣ ከ510 እስከ 1705 ኪሎ ኸርዝ ድረስ ያለ ፈቃድ ለማሠራጨት ሲፈቅድ፣ ወደ መጨረሻው ማጉያ የሚገባው ኃይል ከ100 ሚሊ ዋት፣ የአንቴናው፣ የመጋቢውና የመሬት ሽቦው ድምር ርዝመትም ከ3 ሜትር እንዳይበልጥ ይወስናል። እነርሱ ግን መሣሪያውን 12 ሜትር ምሰሶ ላይ ሰቅለው ሽቦውን እስከ መሬት ለመዘርጋት ያስባሉ። «የመሬት ሽቦ ለመብረቅ መከላከያ ነው፤ ስለምን ከአንቴና ይቈጠራል?» ይላሉ።

መልሱ የሚገኘው በፊዚክስ ክፍላችን ነው። በ1000 ኪሎ ኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 300 ሜትር ስለሆነ፣ 3 ሜትር አንቴና መቶኛው ብቻ ነው። ሞገድ የሚያወጣበት መጠን 0.04 ኦም ያህል ነው። በመጠምጠሚያውና በአፈሩ የሚባክነው 20 ኦም ቢሆን፣ ከ500 እጅ አንዱ ብቻ ወደ አየር ይወጣል። አሁን 12 ሜትር ሽቦ ሲጨመር ርዝመቱ 5 እጥፍ፣ ያ መጠንም 25 እጥፍ ይሆናል። በአየር ላይ ተንጠልጥሎ የሬዲዮ ጅረት የሚያልፍበት ሽቦ ስሙ ምንም ይሁን ምን አንቴና ነው። ደንቡም የቈጠረው ስለዚሁ ነው።

ታዲያ የመብረቁ ነገር ይቅር ማለታችን አይደለም። መሣሪያው ከመሬት አጠገብ ቢቀመጥ ሽቦው ያጥራል፤ ለመብረቅም አጭርና ቀጥ ያለ መንገድ ይበጃል። በአንቴናው እግር ዙሪያ የተቀበሩ የመዳብ ሽቦዎች ደግሞ የአፈሩን ብክነት ይቀንሳሉ።

ከሁሉ በላይ ግን፣ የአሜሪካ ደንብ በቱላ አይሠራም። በአገራችን የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ለብሮድካስት ፈቃድ ይጠይቃል፤ የማኅበረሰብ ብሮድካስትንም ያውቃል። በሌላ አገር ደንብ ተከልሎ፣ ያንንም በሽቦ ማራዘም ጥሶ፣ ለገበሬው እውነት አስተምራለሁ ማለት እንዴት ይሆናል? መሣሪያው ቢያዝ የሚያፍረው ተማሪው ነው፤ የሚቀርበት ግን ያው ገበሬ ነው።

ስለዚህ ጓዶቻችን ማሠራጫቸውን በአንቴና ፈንታ ኃይሉን በሙቀት በሚጨርስ ሬዚስተር በቤተ ሙከራ ይፈትኑት። መምህሮቻችን ይምሯቸው። ማኅበራችንም ከቱላ ነዋሪዎች ጋር ተማክሮ በሕጋዊው መንገድ የፈቃድ ጥያቄ ያቅርብ። መንገዱ ረጅም መሆኑን እናውቃለን፤ ነገር ግን በዚያ የሚመጣው ድምፅ በማግሥቱ አይዘጋም።