የአፍደም ባሌስትራና የእኛ ትምህርት

ባለፈው ክረምት ከመካከላችን የአንዱ አገር ወደሆነችው ወደ አፍደም ስንጓዝ የያዝነው አሳብ ዕረፍትና ጨዋታ ብቻ ነበር። የሄድነው የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን፤ ስለ መኪና የምናውቀውም ተሳፍሮ መውረድን ነው። ዛሬ ስለ ባሌስትራና ስለ ክሮቸራ ለመጻፍ መነሣታችን አንዳንድ አንባቢዎቻችንን ሳያስገርም አይቀርም። ነገር ግን ያየነውን አይተን ዝም ማለት አልሆነልንም።

አፍደም በሶማሌ ክልል፣ በሲቲ ዞን፣ በሚኤሶና በኤረር መካከል ያለች የቆላ ከተማ ናት። እንደ ጎረቤቶቿ ሁሉ እርሷም የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ በአፍደም በኩል አልፎም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ያ አሮጌ ባቡር ዛሬ በዚያ አያልፍም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የመጣ ቢሆንም፣ ወተቱን ለገበያ፣ በሽተኛውን ለሐኪም የሚያደርሰው በአብዛኛው መኪና ነው። መኪና ሲሰበር የሚቆመው ብዙ ነገር ነው።

የጓደኛችን አጎት አንድ አሮጌ ላንድክሩዘር አላቸው። እኛ በደረስን ማግሥት የመኪናዋ የግራ ፊት ባሌስትራ ዋናው ቅጠል ተሰብሮ እያነከሰች ግቢ ገባች። ደኅና ጋራዥ ያለው ድሬዳዋ ነው፤ እርሷ ግን በዚያ ሁኔታ ድሬዳዋ አትደርስም። ስለዚህ አጎት ክሪካቸውን፣ መዶሻቸውንና መፍቻቸውን አውጥተው ከግራሩ ጥላ ሥር ሥራቸውን ጀመሩ። ከሁሉ አስቀድመው ከመኪናዋ ሻንሲ ሥር ወፍራም ግንድ ደገፉ። «ክሪክ ያነሣል እንጂ አይሸከምም» አሉን።

ባሌስትራውን ሲፈቱ በዚያው ኃይልን ወደ ፊተኛው ዲፈረንሲያል የሚያደርሰውን ዘንግ በእጃቸው ይዘው ወዘወዙት። ክሮቸራው ላልቶ ነበር፤ አሸዋ ገብቶበት ግራሶው ደርቋል። ዘንጉን ከማውረዳቸው በፊት ሁለቱ ጫፎች በሚጋጠሙበት ቦታ ላይ በመሮ ምልክት አደረጉ። በነበረበት አኳኋን ካልተመለሰ ሲዞር መኪናዋን እንደሚያንቀጠቅጣት ነገሩን። እኛ ስናዳምጥ ቆየን እንጂ የረዳናቸው መፍቻ በማቀበል ብቻ ነበር፤ እርሱንም ቁጥሩን እያሳሳትን።

በሁለተኛው ሌሊት በር ተንኳኳ። ምጥ የጠናባት ሴት ቤተ ሰቦች ነበሩ። መኪናዋ በግንድ ላይ ተቀምጣለች፤ አዲሱ የባሌስትራ ቅጠል ከድሬዳዋ ገና አልመጣም። የከተማው በያጅ የተሰበረውን ቅጠል በአንድ ሰዓት ውስጥ በይዤ አስነሣታለሁ አለ። ጓደኛችን «አደር፣ ለምን አያስበይዱትም? ሰው እየሞተ ነው» አላቸው። በሶማሊኛ አጎትና የወንድም ልጅ እርስ በርሳቸው «አደር» ይባባላሉ። እርሳቸውም «አደር፣ የተበየደ ባሌስትራ መንገድ ላይ ቢለቅ አንዷን ለማዳን ብዬ አምስት ሰው እገድላለሁ» ብለው፣ በእግራቸው ሌላ መኪና ፍለጋ ወጡ። መኪናው የተገኘው ሊነጋጋ ሲል ነው። ሴቲቱ በደኅና ተገላገለች፤ ነገር ግን በዚያች ሌሊት ሁላችንም በልባችን አጎትን ጨካኝ ብለናቸው ነበር።

የተሳሳትነው እኛ እንደሆንን የገባን በኋላ ነው። የባሌስትራ ብረት ግሎ፣ በዘይት ቀዝቅዞ፣ እንደገና በልኩ ሞቆ የተሠራ ስለሆነ ነው ጎብጦ የሚመለሰው። የብየዳ እሳት ይህንን ጠባዩን ያጠፋዋል፤ ቅጠሉም ብዙ ጊዜ ከተበየደበት ቦታ አጠገብ እንደገና ይሰበራል። ዋናው ቅጠል በጉዞ ላይ ሲለቅ የፊቱ አክስል ከቦታው ይንሸራተታል፣ መሪውም ወደ አንድ ወገን ይስባል። አጎት ይህን የተማሩት ከመጽሐፍ አይደለም። እኛ ደግሞ መጽሐፍ ይዘን አናውቀውም ነበር።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ምንድን ነው? በእኛ በኩል ሁለት አስተያየቶችን ሰምተናል፤ ሁለቱንም አንቀበልም።

አንደኛው ወገን «መኪናን በግቢ መፍታት ኋላ ቀርነት ነው፤ ሁሉም ነገር ለባለሙያ ይተው» ይላል። ይህን የሚለው ጋራዥ በየመንገዱ ባለበት ከተማ የሚኖር ሰው ነው። ለአፍደም ሰው በግቢ መጠገን የግድ ነው። ደግሞም በቤት በሚገባ ሊሠራ የሚችል ሥራ ሞልቷል። ያለቀ ቦኮላ መለወጥ፣ የደከመ አሞርዛተር መቀየር፣ ክሮቸራን ግራሶ ማጠጣት ትዕግሥትና ንጽሕና ይጠይቃል እንጂ ትልቅ ፋብሪካ አይጠይቅም። የፊት ጎማቸው ኃይል በሚቀበል ትንንሽ መኪናዎች የዘንጉን ጆንት የሚሸፍነው ላስቲክ ሲቀደድ ቶሎ ቢለወጥ ወጪው ጥቂት ነው። ችላ ከተባለ ግን ግራሶው ይወጣል፣ አሸዋ ይገባል፣ መኪናው ሲታጠፍ ቀጭ ቀጭ ማለት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ጆንቱ ራሱ ይገዛል።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ «እጅ ሲለምድ ሁሉም ይሠራል» ባይ ነው። ይህም ሰው ይገድላል። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር የሚገባ አለ። በአውቶሞቢል የፊት እግር ውስጥ ተጨምቆ የተቀመጠውን ሞላ ያለ ማሰሪያ መሣሪያው የሚፈታ አለ፤ ሞላው ተስፈንጥሮ ሲወጣ እንደ ጥይት ነው። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩትን ጎባጣ ብሎኖች አንድ ጊዜ አጥብቆ የሚረሳቸውም አለ፤ ጥቂት መንገድ ከተኬደ በኋላ እንደገና መጥበቅ አለባቸው። መኪናው የአንድ ሰው ንብረት ቢሆንም መንገዱ የሁላችንም ነው። ስለዚህ በቤት የሚጠግን ሰው እስከ የት እንደሚችልና የት ላይ ማቆም እንዳለበት ማወቅ ግዴታው ነው።

ይህንን ዕውቀት ለሕዝቡ የሚያደርሰው ማን ነው? እዚህ ላይ ነገሩ ወደ እኛ ይመለሳል። የመጀመሪያው አውቶሞቢል ከጅቡቲ በኩል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ዳግማዊ ምኒልክ ቀጥቃጩንና ሸማኔውን በሥራው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ። ስድቡ ቢቀንስም ንቀቱ ከግቢያችን ጨርሶ ወጥቷል ለማለት አንደፍርም። እጁ ቅባት የነካው ሰው ወደ ካፌያችን ሲገባ እንዴት እንደምናየው እያንዳንዳችን እናውቃለን።

የመካኒኩን ቋንቋ እንኳ ልብ ብለን አልሰማነውም። ባሌስትራ፣ ክሮቸራ፣ ቦኮላ፣ ካምቢዮ፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ የሚሉት ቃላት ከጣልያንኛ መጥተው በጋራዥ ውስጥ አማርኛ ሆነዋል። ለገሃር የሚለው ስም ደግሞ ከባቡሩ ጋር ከፈረንሳይኛ መጥቷል። እነዚህን ቃላት የለመዳቸውና ያወረሳቸው ሠራተኛው ነው። እኛ የቃላት ተማሪዎች ነን ባዮቹ ግን በየሴሚናሩ ስለ ቋንቋ ዕድገት ስንከራከር የዚህን ሰው ንግግር ልንመዘግብ ወረቀት አላወጣንም።

ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበራችን አንድ አሳብ እናቀርባለን። በሚመጣው ክረምት ወደየአገራችን ስንመለስ እያንዳንዳችን በከተማችን ካሉት መካኒኮች አጠገብ ጥቂት ቀን እንቀመጥ። የዕቃውን ስም፣ የብልሽቱን ምልክት፣ የአሠራሩን ቅደም ተከተልና አደጋውን እንጻፍ። የኢንጂነሪንግ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ያርሙት፤ እኛ በአማርኛና በሶማሊኛ እናዘጋጀው። ከዚያም ይህ መጽሔት በሚባዛበት ማሽን ተባዝቶ በሐዲዱ ዳር ላሉት ከተሞች ይላክ። ሥዕል ያለበት ሃያ ገጽ ይበቃል። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ትሕትና ነው።

«የአርት ተማሪ ምን አግብቶት?» የሚለን ቢኖር መልሳችን አጭር ነው። በዚያች ሌሊት በአፍደም ግቢ ውስጥ ዕውቀት የነበራቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ እኛ ዲግሪ ጠባቂዎቹ ደግሞ በስሕተት እንፈርድባቸው ነበር። በያጁም ክፉ ሰው አልነበረም፤ የነገረው ስላልነበረ ነው። ማንበብ የሚችል ልጅ በየቤቱ አለ። የሚያነበውን ለማዘጋጀት ግን መጀመሪያ ከግራሩ ሥር ተቀምጠን መፍቻውን በትክክለኛው ቁጥር ማቀበል እንማር።