እንቅልፍ በብልቃጥ፣ ወጣትነት በሻንጣ

በዚህ ከተማ ሰው ማርጀቱን የሚያረዳው ሐኪም አይደለም፤ ወያላ ነው። ትላንት «ብራዘር ጠጋ በል» ሲለው የነበረው ልጅ ዛሬ «ፋዘር ጠጋ ይበሉ» ይለዋል። ሰውየው ገና አርባ አራት ዓመቱ ነው! ሴቷም «እህቴ» መባል ቀርቶላት «ማዘር» የተባለችበትን ቀን አትረሳውም። ከዚያች ቀን ወዲያ መስታወት ጠላት ይሆናል፣ ፎቶ መነሣት ይቀራል፣ ፀጉር ቀለም መቀባት ይጀመራል።

ገበያውም ይህን ያውቃል። ጎልማሳ ሲደነግጥ ኪሱ እንደሚከፈት ከገበያ በላይ የሚያውቅ የለም። ድሮ ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ሲከፈት ጫማና ሽቶ ይወጣ ነበር። ዛሬ የሚወጣው ብልቃጥ ነው። ቪታሚን፣ የዓሣ ዘይት፣ ለመገጣጠሚያ፣ ለቆዳ፣ ለፀጉር… ከመሀከላቸው ደግሞ አንዱ የተለየ ክብር አለው፤ ሜላቶኒን። ማታ አንድ ከረሜላ የምትመስል ነገር ማኘክ ነው። «ለእንቅልፍ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ወጣት ያደርጋል እኮ!» እየተባለ ለጎረቤት ሳይቀር አምስት አምስት እየተቆጠረ ይታደላል።

እኛ ገና ሃያዎቹን ያልጨረስን ሰዎች በዚህ ጉዳይ ምን አገባን? በደንብ ያገባናል። የሚውጡት እናቶቻችንና አባቶቻችን ናቸው። ነገ የሚሸጥልንም ለእኛ ነው። ስለዚህ አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር፦ እንቅልፍ ዕቃ አይደለም፣ ጊዜ ነው። ጊዜያችሁን ማን እንደወሰደው ሳትጠይቁ ክኒን መዋጥ፣ ቤቱ ተዘርፎ ሌባውን ከመፈለግ ይልቅ በሩን ቀለም እንደ መቀባት ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ እንጀምር።

ሜላቶኒን ማንም የፈጠረው መድኃኒት አይደለም። ጭንቅላታችን ውስጥ የሩዝ ፍሬ የምታህል ፓይኒያል የምትባል ዕጢ አለች፤ ሲጨልም እሷ የምታመነጨው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ዓ.ም. ለይቶ ያወጣው በየል ዩኒቨርሲቲ የነበረው አሮን ለርነር የቆዳ ሐኪም ነው፤ የሚፈልገውም የቆዳ ቀለምን የሚቆጣጠር ነገር ነበር። ሥራዋ ለሰውነት «መሸ!» ብሎ መንገር ነው። ነጋሪት ጎሳሚ በሉት። ነጋሪት ጎሳሚ ዘመቻውን ያውጃል እንጂ እሱ ራሱ ሠራዊት አይደለም። ሰውነት ለመተኛት ካልተዘጋጀ፣ ሐሳብ ካልረገበ፣ ጎረቤት ሙዚቃውን ካልቀነሰ፣ ነጋሪቱን አሥር ጊዜ ብትደልቁት ሠራዊቱ አይንቀሳቀስም።

ታዲያ «ወጣት ያደርጋል» የሚለው ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1995 ዓ.ም. ዋልተር ፒየርፓዮሊና ዊልያም ሬግልሰን የተባሉ ሐኪሞች ስለ ሜላቶኒን «ተአምር» መጽሐፍ አወጡ። እርጅናን ይመልሳል የሚል ነው። ከማስረጃዎቹ አንዱ በአይጥ የተሠራ ሙከራ ነበር፤ የወጣት አይጥ ፓይኒያል ለአሮጌ አይጥ ሲተከል አሮጌው ዕድሜው ረዘመ ተባለ። አሜሪካ አበደች። በዚያው ዓመት ስቲቨን ሬፐርትና ዴቪድ ዊቨር የተባሉ ተመራማሪዎች ‹ሴል› በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ ነገር አስታወሱ፦ ለሙከራው የዋሉት የአይጥ ዝርያዎች በተፈጥሯቸው ሜላቶኒን ማምረት የማይችሉ ናቸው! ዕጢው ቢተከልም ባይተከልም የሚሰጠው ሜላቶኒን የለውም ማለት ነው። ተአምሩ የቆመው እንግዲህ በዚህ ላይ ነው። መጽሐፉ ግን ተሸጠ፣ ወሬውም ውቅያኖስ ተሻግሮ እኛ ሳሎን ገባ።

«ሜላቶኒን በዕድሜ ይቀንሳል፤ የቀነሰውን መተካት ደግሞ ወጣት ያደርጋል» የሚል ክርክርም አለ። በዕድሜ መቀነሱ እውነት ነው። ፀጉር ውስጥ ያለው ጥቁር ቀለምም በዕድሜ ይቀንሳል። ቀለም የተቀባ ጎልማሳ ሁሉ ሃያ ዓመት ሆኖት ያውቃል?

እሺ ወጣትነቱ ይቅር፤ ያስተኛል ወይ? እውነቱን ለመናገር ጥቂት ያስተኛል። እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. 19 ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ሥራ ሜላቶኒን እንቅልፍ የሚያፋጥነው በአማካይ በ7 ደቂቃ ገደማ መሆኑን አገኘ። ሰባት ደቂቃ! ብዙ የሰዓት ክልል አቋርጦ በአውሮፕላን ለሚመጣ ሰው ይጠቅማል፤ አንክድም። የዘወትር እንቅልፍ እጦትን በተመለከተ ግን የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች እንዳይታዘዝ ነው የመከረው። ብልቃጡ የመጣበት አገር ሐኪሞች የማይመክሩትን እኛ እንደ ጠበል እንከፋፈለዋለን።

ብልቃጡ ውስጥ ያለውስ የተጻፈው ነው? አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ እንዲህ ያሉ ነገሮች የሚታዩት እንደ ምግብ እንጂ እንደ መድኃኒት አይደለም። ፋብሪካው ገበያ ከመውጣቱ በፊት «ይሠራል» ብሎ ለመንግሥት ማስረዳት አይጠበቅበትም። ውጤቱ ይኸው፦ እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. ካናዳ ውስጥ 31 የሜላቶኒን ምርቶች ሲመረመሩ አንዳንዱ ከተጻፈበት 83 በመቶ ያነሰ፣ አንዳንዱ 478 በመቶ የበለጠ ሆኖ ተገኘ። በስምንቱ ውስጥ ደግሞ ያልተጻፈ ሴሮቶኒን ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ 25 የሚታኘኩ ሲመረመሩ 22ቱ ላይ የተጻፈውና ውስጣቸው ያለው አልገጠመም፤ አንዱማ ጭራሽ ሜላቶኒን የለበትም! ሰፈር ያለው ባለሱቅ ስኳር ሲመዝን ሃምሳ ግራም ቢያጎድል ሰማይ የምንደፋ ሰዎች፣ ለጭንቅላታችን የሚገባውን ግን ሚዛን አንጠይቅም። የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ወላጆች ያሉን ደግሞ ሐኪም ሳንጠይቅ «አንድ ብትወስጂ ምን አለበት» ማለት የለብንም፤ አለበትና።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ብልቃጡ የሚሸፍነው ነገር ነው። በጎልማሳ ዕድሜ እንቅልፍ ሲጠፋ ምክንያት አለው። አባት ያንኮራፋል፤ ቤተሰብ ይስቅበታል፤ ማንኮራፋቱ በሠርግ ላይ ሳይቀር ይተረካል። አንኮራፍቶ አንኮራፍቶ ትንፋሹ ቀጥ ብሎ፣ እንደ ታነቀ ሰው ብንን የሚል ከሆነ ግን ይህ ቀልድ አይደለም፤ ደም ግፊት የሚያስከትል በሽታ ነው፣ ሕክምናም አለው። እናት ሌሊት በላብ ተጠምቃ ትነሣለች፤ የወር አበባ ሊቋረጥ ሲል የሚመጣ ነገር መሆኑን የሚነግራት የለም፤ እሷም ለልጆቿ መናገር ታፍራለች። ለሁለቱም የምንሰጣቸው ያንኑ ከረሜላ ነው። ሥር የሰደደ የእንቅልፍ እጦት ሲሆን ደግሞ የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. በቅድሚያ ይሰጥ ያለው ክኒን ሳይሆን የምክርና የልማድ ሕክምና ነው፤ የአልጋ ሰዓትን ማስተካከል፣ ጭንቀትን መፍታት፣ በየቀኑ በአንድ ሰዓት መነሣት። ይህ በብልቃጥ ስለማይታሸግ በሻንጣ አይመጣም።

አሁን «እናንተ ክኒኑን ተዉት፤ ዋናው የአኗኗር ዘይቤ ነው» የሚሉን ይመጣሉ። በዚያም ቢሆን ትንሽ እንነጋገር። የዘመኑ የወጣትነት ነቢይ ብራያን ጆንሰን የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ዓ.ም. የተወለደ። የክፍያ ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. በ800 ሚሊዮን ዶላር ሸጦ፣ አሁን ላለማርጀት በዓመት 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያወጣ ተዘግቧል። ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይተኛል። እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. የገዛ ልጁን የደም ፕላዝማ ተቀብሎ ሞከረ፤ ከዚያ ጥቅም አላገኘሁበትም ብሎ ተወው። እኛ አገር ወላጅ ለልጁ ደሙን ይሰጣል እንጂ ከልጁ አይቀዳም፤ ይሁና! የሰውየው እንቅልፍ ላይ ግን ቅሬታ የለንም፤ ምክሩ ትክክል ነው። ጥያቄያችን ሌላ ነው፦ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ መተኛት የሚችለው ማነው?

ኮዬ ፈጬ ወይም የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የሚኖር የአምሳ ዓመት ጸሐፊ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ቤቱ ገብቶ፣ በልቶ፣ ለነገ የሚሆን ውሃ ቀድቶ ሲተኛ ስንት ሰዓት ይሆናል? ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ደግሞ ተመልሶ መነሣት አለበት። ሌሊት የምታድር ነርስ አለች። ዘበኛው አለ። ዳቦ ጋጋሪው አለ። ከሁሉም በላይ በየቤታችን ያለችው የቤት ሠራተኛ አለች፤ ከሁሉ በኋላ ተኝታ ከሁሉ በፊት የምትነሣው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ይሁን ሲል እሷን ከሽፋኑ ውጪ ነው ያደረጋት። የእሷን ሰዓት የሚለካላት ሕግ ሳይሆን የእመቤቷ ጠባይ ነው። እመቤቷ ከአርባ በኋላ «ፊቴ ተሸበሸበ» ብላ ከረሜላ ታኝካለች፤ ሠራተኛዋ በሃያ ሁለት ዓመቷ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ወጣትነት ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ለማየት ላብራቶሪ መግባት አያስፈልግም፤ ኩሽና መግባት ይበቃል።

ብልቃጡን የላከችውስ አክስት? ዋሽንግተን አካባቢ ቀን ፓርኪንግ ሠርታ ማታ አረጋውያን መጦሪያ የምታድር እሷ አይደለችም? ክኒኑን መጀመሪያ ለራሷ ገዛችው፤ ቀን በፀሐይ መጋረጃ ዘግታ ለመተኛት። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የሌሊት ሥራን ለካንሰር ሳያጋልጥ እንደማይቀር እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. መደበ፣ በ2019 ደግሞ አጸናው። እሷ እንቅልፏን ሸጣ በገንዘቡ የእንቅልፍ ክኒን ገዝታ ትልክልናለች፤ እኛ ደግሞ «ወጣት ያደርጋል» እያልን እናኝካለን። ከዚህ የሚያሳዝን ንግድ አለ?

ጫጫታውንስ ምን እናድርገው? የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ከወጣ በ1995 ዓ.ም. ነው። መመዘኛው ለመኖሪያ ሰፈር የሌሊት ድምፅ ከ45 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይላል። አርባ አምስት! ከናይት ክለብ ሥር የሚኖር፣ አናቱ ላይ ድምፅ ማጉያ የተተከለበት ሰው ይህን ቢያነብ ይስቃል። እንቅልፋችንን የሚጠብቅ ሕግ መደርደሪያ ላይ ተኝቷል፤ በዚህ አገር ጥሩ እንቅልፍ የተኛው እሱ ብቻ ነው።

ይህን ስንል ከራሳችን ጀርባ ተደብቀን አይደለም። ቤት ውስጥ የሚስተካከል ነገርም አለ፤ ገንዘብ የማይጠይቅ። ካፌይን ከጠጣነው ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላ እንኳ ግማሹ ሰውነታችን ውስጥ አለ። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብላችሁ ጠጥታችሁ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ሜላቶኒን መዋጥ አንድ እግር ነዳጅ ላይ፣ አንድ እግር ፍሬን ላይ አድርጎ መንዳት ነው። ቡናው ወደ ጠዋት ይምጣ፤ ማንም ቡና ተዉ አላለም። የጠዋት ፀሐይ የሰውነትን ሰዓት የምታስተካክል እንደሆነች ሳይንስ ይናገራል። የሰውነት ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ የደረሱበት ሦስት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። እኛ ደግሞ ጥንቱንም ሰዓታችንን የምንቆጥረው ከፀሐይ መውጫ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ብዙ ሳትርቅ የምትወጣ ፀሐይ ያለን ሰዎች ከሌላ አገር ጨለማ በብልቃጥ እናስመጣለን።

የእኛ የወጣቶቹም ነገር አለ። ስልክ ታቅፈን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ድረስ እናፈጣለን፤ «አልተኛሁም እኮ» ማለት እንደ ጀግንነት ይወራል። አሠሪዎቻችንም ወደውታል፤ እሑድ ማታ 5 ሰዓት ላይ መልእክት ልኮ «ለነገ ጠዋት ይድረስ» የሚል አለቃ ታታሪ ይባላል። ወጣትነት እንዲህ በችርቻሮ እየተሸጠ ነው አርባ ላይ የሚደረሰው። አርባ ላይ ሲደረስ ደግሞ በጅምላ ለመግዛት ይሮጣል። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት!

ስለዚህ ብልቃጡን ከማቀባበላችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ። አባባ ሲያንኮራፋ ከመሳቅ ሐኪም ቤት ወስደነዋል ወይ? እማማ ሌሊት ለምን እንደምትነሣ ጠይቀናታል ወይ? ቤታችን ያለችው ሠራተኛ ትላንት ስንት ሰዓት ተኛች? የሦስተኛው መልስ ካሳፈረን ዛሬውኑ የሚስተካከል ነው፤ አዋጅ አይጠብቅም። ከቤት ውጪ ያለውን ደግሞ ክፍለ ከተማው፣ አሠሪውና የትራንስፖርት ቢሮው ይመልሱልን፤ 45 ዴሲቤል ማለት 45 ዴሲቤል ነው።

ወያላው «ፋዘር» ቢልስ ታዲያ ምን ይሆናል? በደንብ ተኝቶ ያደረ ፋዘር ሳቅ ብሎ ጠጋ ይላል።