የስቴንት ምርጫና የእንስሳት ምርመራ

ለልብ ደም የሚያደርሱት ሥሮች በጠበቡ ጊዜ ሐኪሞች ስቴንት የተባለውን ቀጭን የብረት መረብ በጠበበው ስፍራ አስገብተው መንገዱን ይከፍታሉ። ይህ መሣሪያ በሰው ልብ ሥር ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1986 በፈረንሳይና በስዊስ አገር ነው። ከዚያ ወዲህ ዓይነቱ በዝቷል። የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄም አስቀድሞ የሚመረመረው በእንስሳት፣ ይልቁንም በአሳማ ነው፤ የአሳማ ልብ በመጠኑም ሆነ በሥሮቹ አቀማመጥ የሰውን ይመስላልና።

ከዚህ ምርመራ የተገኘው ትምህርት ታላቅ ነው። ብረቱ የሥሩን ግድግዳ በጎዳው መጠን አዲስ ሥጋ እየወፈረ መንገዱን መልሶ እንደሚያጠበው በአሳማ ላይ በግልጽ ታይቷል። ይህን ዕድገት የሚገታ መድኃኒት የተቀባው ስቴንትም በእንስሳት ከተፈተነ በኋላ በ1999 በብራዚል ለሰው ተደረገ።

ይሁን እንጂ ለምርመራ የሚመረጠው አሳማ ወጣትና ጤነኛ ነው። የእርሱ ሥር በ28 ቀን ገደማ ሲሽር፣ በስብና በካልሲየም ለብዙ ዓመታት የደደረው የሰው ሥር ግን ወራት ይፈጅበታል። ቀልጦ እንዲጠፋ የተሠራው አብዞርብ የተባለው ስቴንት በእንስሳት መልካም ሆኖ ታይቶ በ2016 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ነገር ግን በሰዎች ላይ ከብረቱ ይልቅ ደም የሚያረጋ ሆኖ ስለ ተገኘ ሽያጩ በ2017 ቆመ።

ነገሩ ለሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም። በሐርጌሳ ከተማ በአያሃ ሰፈር የሚኖር ሕመምተኛ ርቆ ሄዶ ስቴንት ቢያስገባ፣ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ደም እንዳይረጋ የሚከላከሉትን ክኒኖች ሐኪሙ እስከ ወሰነለት ጊዜ ድረስ ሳያቋርጥ መዋጥ ይገባዋል። ገንዘብ ቢያጥር፣ መድኃኒቱ ቢታጣ ምን ይሆናል ለሚለው ጥያቄ አሳማው መልስ የለውም። መልስ የሚገኘው ከሰው ነው። በ2015 የታተመው፣ ደም መፍሰስ በሚያሰጋቸው 2466 ሕመምተኞች ላይ የተደረገው ጥናት፣ ሁለቱ ክኒኖች አብረው ለአንድ ወር ብቻ ቢወሰዱም እንኳ መድኃኒት የተቀባ አንድ ስቴንት ከባዶው ብረት እንደ በለጠ አሳይቷል።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። ስለዚህ ስቴንት የሚገዛ ሆስፒታል ሁሉ በእንስሳት የታየውን እንደ መጀመሪያ በር ይቍጠረው፤ ከዚያም በሰዎች ላይ ለዓመታት የታየውን ይጠይቅ፤ በመጨረሻም ሕመምተኛው የሚመለስበትን ቤት ያስብ።