«ዲ ላይ አለ» አትበሉኝ

ሶዶ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን ልጅ ሁሉ ዊንዶውስ ሊጭን ሲቀመጥ አንድ ጥያቄ አለው፦ «ዲስኩን ለስንት ልክፈልልህ?» ለሁለት ነው ወይስ ለሶስት ነው ነገሩ እንጂ «ልክፈለው ወይስ ይቅር?» የሚል አላጋጠመኝም። ባለቤቱም ለሻዩ ስንት ስኳር እንደሚፈልግ የተጠየቀ ያህል «ለሁለት ይበቃል» ይላል። ሲ ለዊንዶውስ፣ ዲ ለፋይል። ከዚያ ወዲያ ስለ ፋይሉ ደህንነት ብትጠይቁት መልሱ አንድ ነው፤ «ዲ ላይ አለ»። ይህ ልማድ መቅረት አለበት ከሚሉት ወገን ነኝ። በተለይ ተማሪ ላይ የሚያደርሰውን ሳይ፣ ነገሩ የምርጫ ጉዳይ ነው ብሎ ማለፍ አይሆንልኝም።

አንድ ክፍል ቤት የተከራየ ሰው መሃሉን በመጋረጃ ይከፍልና ይኼኛው ሳሎን፣ ያኛው መኝታ ቤት ይላል። ደግ አደረገ። ጣሪያው ሲያፈስ ግን ዝናብ መጋረጃ አያውቅም። የሃርድ ዲስክ ክፍፍልም እንዲሁ ነው። የሚሽከረከሩት ሳህኖች ያው፣ የሚያነበው ክንድ ያው፣ ሰርኪዩቱ ያው። ላፕቶፑ ከባጃጅ ሲወድቅ፣ ወይም መብራት ሄዶ ሲመጣ ቦርዱን ሲያቃጥለው፣ ሲ ሞቶ ዲ አይተርፍም። ወሰኑ ራሱ የተጻፈው እዚያው ዲስክ ላይ ነው። ኤምቢአር በሚባለው አሮጌ አሠራር ከመጀመሪያው ሴክተር 512 ባይት ውስጥ የወሰኑ መዝገብ 64 ባይት ብቻ ነው፤ ለአራት ክፍል፣ ለያንዳንዱ 16 ባይት። ያቺ ጥቂት ቦታ ስትበላሽ ሲም ዲም አብረው ከዓይን ይሰወራሉ። ቫይረስም ቢሆን ሲ ላይ ገብቶ የዲን በር አያንኳኳም፤ ዘው ነው የሚለው።

እሺ፣ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ባለሙያ «እኔ ለፎርማት እንዲመች ነው እንጂ ዲስክ አይሞትም አላልኩም» ይለኛል። እውነቱን ነው። ዊንዶውስ ሲበላሽ ሲን አጥፍቶ ዲን ሳይነኩ መጫን ይቻላል፤ የክፍፍሉ ትልቁ ጥቅም ይኼ ነው። ግን እስቲ ሰዉ ፋይሉን በእርግጥ የት ነው የሚያስቀምጠው? ዴስክቶፕ ላይ! ላፕቶፕ ስከፍት የማየው እሱን ነው፤ ስክሪኑ እስኪጠፋ ድረስ በፋይል የተሞላ ዴስክቶፕ። «ምዕራፍ ሶስት»፣ «ምዕራፍ ሶስት የታረመ»፣ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ የመጨረሻ»። ዴስክቶፕ ደግሞ ያለው ሲ ላይ ነው። «ዶክመንትስ» የሚለውም ሲ ላይ ነው። «ዳውንሎድስ»ም፣ በቴሌግራም የወረደውም፣ ሁሉም ሲ ላይ። ዲን ሄዳችሁ ብታዩ ምን አለ? ፊልም። ተከታታይ ድራማ። የዛሬ ስንት ዓመት ከጓደኛ የተቀዳ ዘፈን። እንግዲህ ፎርማት ሲደረግ ፊልሙ ይተርፋል፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ይጠፋል። በየሰፈሩ የሚፈጸመው የክፍፍል ውጤት ይኼ ነው፤ ሊጠብቅ የተባለውን አስበልቶ ማንም የማይፈልገውን ያድናል።

ጫኚውም ቢሆን ሰው ነው። ዊንዶውስ ሲጫን የሚመጣው ዝርዝር ሲ እና ዲ ብሎ አይጽፍም፤ ፓርቲሽን 1፣ ፓርቲሽን 2፣ ፓርቲሽን 3 እያለ ነው የሚደረድረው። በአንድ ጠረጴዛ ላይ አራት ላፕቶፕ የደረደረ ልጅ፣ ደንበኛው «ቶሎ በልልኝ» እያለው፣ ቁጥር ቢሳሳት ምን ይገርማል? ክፍሉ በበዛ ቁጥር የመሳሳቻው መንገድም ይበዛል።

ስለ ቦታም ላንሳ፤ ለወላይታ ሰው ይኼ አዲስ ነገር አይደለም። ሕዝብ እጅግ ከተጠጋጋባቸው የአገሪቱ አካባቢዎች አንዱ ነን። አባት መሬቱን ለልጆቹ ሲያካፍል፣ ልጆቹም ለልጆቻቸው ሲያካፍሉ፣ ግማሽ ሄክታር የማይሞላ ማሳ ይዞ የሚኖረው ብዙ ነው። መሬት ስለተከፈለ እንደማይሰፋ የሚያስተምረን አያስፈልግም። እዚያ ግን ቢያንስ ልጅ አለ፣ ድርሻ ይገባዋል። ዲስኩ ላይ ባለቤቱ አንድ ሰው ሆኖ ሳለ ከማን ጋር ነው የተካፈለው? 500 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠው ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 465 ገደማ ነው የሚያሳየው። ልጁ 100ውን ለሲ ይሰጣል፤ ዊንዶውሱ፣ ኦፊሱ፣ ማሻሻያው፣ ቴሌግራሙ ይገባበትና ሲ ቀይ ይሆናል። ጎን ለጎን ዲ 300 ጊጋባይት ባዶ ይዞ ተኝቷል። «ከዲ ቆርሰህ ለሲ ጨምርልኝ» ብትሉት፣ የዊንዶውሱ የራሱ መሣሪያ ሲን የሚያሰፋው ባዶው ቦታ ከሲ ቀጥሎ ያለ ከሆነ ብቻ ነው። ዲ ሲቀነስ ባዶው የሚወጣው ከዲ ጀርባ ነው። ስለዚህ ዲ መጥፋት አለበት፣ ለዚያ ደግሞ መጀመሪያ ዲ ላይ ያለውን ሌላ ቦታ መገልበጥ ያስፈልጋል። ሌላ ቦታ ከነበረ መጀመሪያውኑ ምን አስከፈለን?

ልማዱ ከሰማይ አልወረደም። በዶስና በመጀመሪያው ዊንዶውስ 95 ዘመን ፋት 16 የሚባለው አደራደር በአንድ ክፍል ከ2 ጊጋባይት በላይ አይቀበልም ነበር። ያኔ 6 ጊጋባይት ዲስክ የገዛ ሰው ወዶ ሳይሆን ተገዶ ነው የከፈለው። መምህሩ ለተማሪው፣ ተማሪው ለረዳቱ አስተላለፈ፤ ምክንያቱ ሞተ፣ ትዕዛዙ ቀረ። ዛሬ ዊንዶውስ ያለ ፎርማት በላዩ ላይ ሲጫን የድሮውን ፋይል፣ ዴስክቶፑን ጨምሮ፣ «ዊንዶውስ ኦልድ» በሚል ፎልደር አኑሮ ይጠብቃል። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ደግሞ ፋይል ሳይነኩ ሲስተሙን ብቻ ማደስ የሚያስችል ምርጫ አለ። ሁለቱም አንድ ክፍል ብቻ ባለው ዲስክ ላይ ይሠራሉ።

ሊኑክስን ከዊንዶውስ ጎን መጫን የሚፈልግ ይክፈል፤ እሱ ምን እንደሚሠራ ያውቃል። ፋይሉን በእርግጥ ዲ ላይ የሚያስቀምጥ ሥርዓተኛ ሰውም ከእኔ ጋር ጠብ የለውም፣ ሁለተኛ ቅጂ ሌላ ዲስክ ላይ እስካለው ድረስ። ጠቤ «ዲ ላይ አለ» ብሎ ከሚተኛው ጋር ነው። ምክንያቱም እንቅልፉ የሱ ብቻ አይደለም። በየመስከረሙ የጊፋታ ጭፈራ የሚቀርጹ ስቱዲዮዎች አሉ። ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ገጠር ወርደው የሽማግሌ ድምፅ በወላይትኛ የቀዱ ተማሪዎች አሉ። ኢንተርኔት ላይ ያለው ወላይትኛ እጅግ ጥቂት ነው፤ የቀረው በየሰዉ ላፕቶፕ ውስጥ ነው ያለው። ሽማግሌው ካለፉ በኋላ ያ ድምፅ ድጋሚ አይቀዳም። ለሠርግ ቪዲዮ እንኳ ሙሽሮቹ አሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይረሳሉ። ለሽማግሌው ድምፅ የሚያለቅስም አይኖርም፣ መኖሩን የሚያውቅ የለማ።

ሁለተኛ ቅጂ ደግሞ ውድ አይደለም። ጉግል በነፃ 15 ጊጋባይት ይሰጣል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ጥቂት ሜጋባይት ነው። ቴሌግራም ላይ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ለራስ መላክ ይቻላል፤ ለቅሶ ላይ ተቀምጠንም የምንከፍተው ቴሌግራም! ኔትወርኩ አልሠራም ካለ ፍላሽ አለ። ፍላሹን ግን ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ቦርሳ አትያዙት። ቦርሳው መኪና ውስጥ የተረሳ ዕለት ሁለቱም ተያይዘው አርባ ምንጭ ይወርዳሉ።